ለአባቴ ሁለት ጊዜ የተነፋው ጡሩንባ

አባቴ ሁለት ጊዜ ሞቷል። ሁለቱንም ጊዜ ጡሩንባውን የነፋለት ዛኪር ነው። ሁለተኛው ሞቱ ባለፈው ነሐሴ ወልዲያ ሆስፒታል ነው፤ እሱን ኋላ እደርስበታለሁ። የመጀመሪያው በ1999 ዓ.ም.፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ያን ቀን አባቴን የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ።

አባቴ ሚስባህ የግድብ ዘበኛ ነበር። ግድብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከውርጌሳ ወደ መርሳ ስትሄዱ ከአስፋልቱ በስተግራ፣ ጋራው ሥር፣ የክረምቱን ውሃ ለመስኖ የሚያጠራቅም የአፈር ክምር ነው። የእኛ ቤት ከግድቡ ጎን ጉብታው ላይ ነበር። ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ መቃብሩ አለ። ከግድቡ በታች ደግሞ ታች ሰፈር የምንለው መንደር፦ አርባ የሚሆን ቤት፣ ማሽላው፣ ሽንኩርቱ፣ የወርቅነሽ ሱቅ፣ መስጊዱ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ቤታችን መስኮት ላይ ሰባት የሻይ ብርጭቆዎች ተደርድረው ይኖሩ ነበር። አባቴ ሱብሂ ከሰገደ በኋላ አንዱን ይዞ ወደ ግድቡ እግር ይወርዳል። ከአፈሩ ሥር እየተንጠባጠበ ከሚወጣው ውሃ ይሞላውና አምጥቶ መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል። በማግስቱ ሌላውን። በስምንተኛው ቀን የመጀመሪያውን ደፍቶ እንደገና ይጀምራል። እንግዳ ሲመጣ ሻይ በላስቲክ ኩባያ ነበር የምናቀርበው።

«ሰው ቤት ብርጭቆ ለእንግዳ ነው፤ እኛ ቤት ለጭቃ» ትል ነበር እናቴ።

እኔ ግን ውሃው የጂን ድርሻ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ግድቡ ሥር ጂን አለ ሲባል ሰምቻለሁ። አባቴ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ። ጂኑን እየለመነው ነው እላለሁ። ከሥር የሚዘቅጠውን ቀይ አፈር ሳይ ደግሞ ጂኑ የበላበት ነው እላለሁ። ልጅ አንዴ ሐሳቡን ካሰረ የሚፈታው የለም።

እውነቱን ያወቅሁት አድጌ ነው። ግድቡ ሲሠራ የመጣ አንድ መሐንዲስ አባቴን ግድቡ እግር ድረስ ወስዶ እንዲህ ብሎት ነበር፦ «የአፈር ግድብ ያልበዋል። ላቡ ጥርት ያለ ከሆነ አትፍራ። የደፈረሰ ቀን ግን ውሃው ግድቡን ከውስጥ እየበላው ነው። ያን ጊዜ ሰው ይዘህ ውጣ።» አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ይቺን ግን ቃል በቃል ይዟታል። ከንፈሩ የሚንቀሳቀሰው ጂን እየለመነ ሳይሆን፣ ከሥር የተኛውን አፈር በጥፍሩ ልክ እየቆጠረ ከትናንቱ ጋር ሲያስተያየው ነበር።

በ1999 ሰኔ ላይ ውሃው መደፍረስ ጀመረ። መጀመሪያ ብርጭቆው ሥር እንደ ክር የቀጠነች ነገር ታየች። ሐምሌ ሲገባ የጥፍር ውፍረት ሆነች። አባቴም ማውራት ጀመረ።

ያላወራበት ቦታ የለም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ደጃፍ፣ መርሳ ገበያ፣ ወርቅነሽ ሱቅ በር ላይ። ሰው «እንዴት ዋላችሁ» ሲለው «አልሐምዱሊላህ» ይልና ትንፋሽ ሳይወስድ «ውሃው ደፍርሷል» ይላል። ብርጭቆ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ቅሬያችንን በዳኝነት ለሚመሩት ለሸህ ጀብሪልም ነገራቸው። ቅሬ የምንለው የመንደሩ የቀብር ማኅበር ነው፤ መንደሩ የሚሰማው ቅሬውን ነው፣ የግድቡን ውሃ ማስወጫ በር ቁልፍ የያዘውም ሸህ ጀብሪል ያሉበት ኮሚቴ ነው።

«በሩን እንክፈትና ግማሹን ውሃ እንልቀቀው፣ ሸህ።»

«ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀምነውን? በጋ ምን ልናጠጣ ነው፣ ሚስባህ? እንባ?»

አንድ ቀን ሰርግ ቤት ሄዶ፣ ሙሽራው ተቀምጦ፣ ግድቡ ከፈረሰ ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው እዚህ ዳስ ላይ ነው ብሎ ተናገረ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወጣች። ቤት ስንደርስ ነው የፈነዳችው።

«ኧረ አፍህን በኸይር ክፈት! ሰርግ ቤት ሄዶ ሰው የሚሞትበትን የሚናገር አለ? ክፉ ስታወራ ክፉ ነው የምትጠራው!»

እሱ ብርጭቆውን ከኪሱ አውጥቶ መስኮቱ ላይ መለሰው። እኔ ግን ቃሏን ያዝኩት። ክፉ የሚመጣው ስለሚጠራ ነው፤ የሚጠራው አባቴ ነው፤ የሚጠራውም በብርጭቆዎቹ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነገር ተበላሸ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባቴ ታች ሰፈር ወርዶ በየደጃፉ «ውጡ!» እያለ ጮኸ። ሰው ልጁንና ዕቃውን ተሸክሞ ጋራው ላይ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ዋለ። ግድቡ ንቅንቅ አላለም። ሲመለሱ ዝንጀሮ የበልጉን በቆሎ እሸት አንድ ሳያስቀር ጨርሶ፣ ቆረቆንዳውን በደጃቸው በትኖ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲያ አባቴ ስሙ ሟርተኛው ሚስባህ ሆነ። እኔም የሟርተኛው ልጅ ሆንኩ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ ልጆቹ ባዶ ጄሪካን ከፍ አድርገው «ደፈረሰ! ደፈረሰ!» ይሉኝ ነበር። አለቅስ ነበር። አባቴን የጠላሁባቸው ቀኖችም ነበሩ፤ ይሄን አልደብቅም።

ከመንደሩ ሁሉ አባቴን አስቀምጠው የሚያዳምጡት እማማ ቡርቱካን ብቻ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሦስት ዓመት ከአልጋ አልወረዱም። ልጃቸው ዓሪፍ አልጋቸውን በሩ አጠገብ አድርጎላቸው አላፊ አግዳሚውን ወሬ እየጠየቁ ይውላሉ። እርጎ ሳደርስላቸው አንድ ቀን አባቴን እግራቸው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

«አሁን ያ ውሃ ቢመጣ» አሉት፣ «ሰው ሁሉ እግሩን ይዞ ይነሳል። እኔን ማን ይሸከመኛል?»

«እኔ።»

«አንተ ቀጫጫ?» ሳቁ። ጥርሳቸው ሁለት ነበር የቀረው። «ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው፣ እማማ።»

ዓሪፍ በር ላይ ቆሞ ሞፈር ይጠርባል። «ሚስባህ፣ እናቴን አታስፈራራብኝ» አለው። ቀልድ አልነበረበትም።

ነሐሴ ሲገባ አፈሩ የብርጭቆውን ሩብ ያዘ። አባቴ መርሳ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ሦስት ቀን ደጅ ጠንቶ፣ አንድ የግድብ ባለሙያ እንዲመጣለት አደረገ። ባለሙያው ሐሙስ ይመጣል ተባለ። ረቡዕ ማታ ዛኪር ቤታችን መጣ። የቅሬው ጡሩንባ ነፊ እሱ ነው፤ ከአባቴ ጋር አብረው ነው ያደጉት። እኔ መደቡ ላይ የተኛሁ መስዬ እሰማለሁ።

«ነገ ብርጭቆው ደፍርሶ ካዩት ሰውን ያስነሱታል» አለ ዛኪር። «ጥርት ብሎ ካዩት ደግሞ ነገሩ ያበቃል። ሟርተኛ የሚልህም አይኖርም፤ የሚሰማህም አይኖርም።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት፣ ጥርት ካለ ያበቃል የሚለውን ነው።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ እንግዶቹን ሊቀበል አስፋልቱ ድረስ ወረደ። እናቴ ከብት እያወጣች ነበር። ወንበር ላይ ቆምኩና ሰባቱንም ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ከጓሮ ደፋኋቸው። የጂን ድርሻ ነው የምደፋው። በአመድ አጠብኳቸው። ከእንስራው በጣሳ እየቀዳሁ ሞላኋቸውና እንደነበሩ ደረደርኳቸው። ፀሐይ ብልጭ ስትልባቸው እንዴት እንዳማሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

ባለሙያው፣ ሸህ ጀብሪልና ሁለት የኮሚቴ ሰዎች መጡ። ዝናቡ ወደ ግድቡ እግር የሚያወርደውን መንገድ ጭቃ አድርጎታል። ባለሙያው ከአናቱ ሆኖ ወደ ታች ተመለከተ፣ ጫማውን ተመለከተ፣ «ናሙናውን ያሳዩኝ» አለ።

አባቴ መስኮቱን ከፈተ።

 አባቴ ከሰባቱ አንዱን አነሳ። ወደ ብርሃኑ ከፍ አላደረገውም። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ቢስሚላህ እያለ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ሌላውን አነሳና እንደዚያው አደረገ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። የቀሚሴ እጅጌ እስከ ክርኔ ርሶ ነበር።

«ይሄ የግድቡ ውሃ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «አብረን እንውረድና ከምንጩ እንየው።»

«አባቴ፣ ሰባት ቀን አስቀምጠው ያሳዩን እኮ ይሄንኑ ነው» አለ ባለሙያው።

«የማን ውሃ ነው ታዲያ?» አሉ ሸህ ጀብሪል። «ማን ቀየረው? ጂን?»

ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ እንደገና አየኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረው። አልተናገረም። «እንውረድ፣ ሸህ፤ ስለ አላህ ብላችሁ እንውረድ» እያለ እስከ መንገዱ ተከተላቸው። ባለሙያው መኪናው ውስጥ ገባ። ሸህ ጀብሪል «በቃ፣ ሚስባህ። አላህ ልብህን ያረጋጋልህ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

አባቴ ስድብ አልሰደበኝም፤ አልመታኝም። ማታ ብርጭቆዎቹን አጥቦ «ከነገ ጀምሮ እነዚህን የምትጠብቂያቸው አንቺ ነሽ» አለኝ። አላወቀም ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከግድቡ እግር ሲመለስ የያዘው ብርጭቆ ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቀይ ጭቃ ነበር። እናቴን በር ላይ ጠርቶ በሹክሹክታ አናገራት። እናቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ወደኔ መጣና እጁን አናቴ ላይ አሳርፎ ረጅም ጊዜ ቆየ። «ከእናትሽ አትለዪ» ብሎኝ ወጣ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጡሩንባው ተነፋ።

ከታች ሰፈር ነው የሚመጣው። የዛኪርን ድምፅ ከሩቅ ለየሁት። «ቅሬ ውጣ! ያልሰማህ ስማ! የግድቡ ዘበኛ ሚስባህ አርፏል! ቀብሩ አሁን ነው! ወንዱ ወደ መቃብር፣ ሴቱ ወደ ቤቱ!»

 ጂኑ ነው። ድርሻውን ደፍቼ የእንስራ ውሃ ሰጠሁት፤ በምትኩ አባቴን ወሰደው። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ደጃፉ ላይ ወጣች፣ ደረቷን እየመታች «ሚስባህዬ! ወይኔ ሚስባህ!» ማለት ጀመረች። እኔ መስኮቱ ሥር ተኮራመትኩ።

ሴቶቹ ዳገቱን እየወጡ መጡ። ትናንት ሟርተኛ ያሉት ሁሉ ፊታቸውን እየነጩ መጡ። ወርቅነሽ ማተቧን በጨርቅ ሸፍና ሱቋን ዘግታ መጣች። እናቴ ግን ልቅሶዋ ግራ አጋባኝ። «ሚስባህዬ!» ትልና ወደ አንዷ ሴት ዞር ብላ «ልጆቹስ? ልጆቹን የት ትተሻቸው ነው?» ትላለች። «ከታች ተኝተዋል» ስትላት «ሂጂ አምጫቸው! አባትነቱን አያውቁም? አምጫቸው!» ብላ ትጮሃለች። እያንዳንዷን ሴት ስትገባ ዓይኗ ይከተላታል፤ ጣቶቿ ከነጠላዋ ሥር ይንቀሳቀሳሉ። ሰው ሞቶባት ማን መጣ ማን ቀረ ትቆጥራለች ብዬ በእናቴ አፈርኩ።

ልክ ነበርኩ፤ ትቆጥር ነበር። አርባ ቤት ትቆጥር ነበር። ከታች ማን እንደቀረ ነበር የምትቆጥረው።

ይሄን ዘዴ ያመጣው አባቴ ነው። ዛኪር ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገረኝ። ያን ጠዋት አባቴ እቤቱ ሄዶ «ለቃሌ አልወጡም፤ ለሬሳዬ ይወጣሉ» አለው። እውነቱን ነው። በእኛ ዘንድ ለቀብር ያልወጣ ሰው፣ የራሱ ሰው ሲሞት ማንም አይወጣለትም። እርሻውን፣ ገበያውን፣ ጠቡን ሁሉ ጥሎ ይመጣል። መቃብሩ ከፍታ ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤቱም ከፍታ ላይ ነው። አባቴ ሁሉንም አስቦታል። ታሞ የተኛ ሰው ለቀብር እንደማይወጣም አስቦታል። እማማ ቡርቱካንን እሱ ራሱ ሊሸከም ነበር፤ ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ጉብታው ላይ ማሽላ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይወርዳል። ያላሰበው ሰው ቶሎ ወጥቶ እንደማያልቅ ነው። ሰው አላልቅ አለ። አንዱ ጋቢ ረስቶ ይመለሳል፤ አንዷ ልጅ ልታመጣ ትወርዳለች፤ መንገዱ ባዶ አልሆን አለ። የሞተ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ መታየት አይችልም።

«ሬሳው የት ነው?» አለች አንዷ ሴት።

«እያጠቡት ነው» አለች እናቴ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዓሪፍ መጥቷል?»

«መጥቷል፤ ከወንዶቹ ጋር ጉድጓድ እየቆፈረ ነው።»

«እናቱስ?»

«እሳቸውማ በምን እግራቸው?»

የእናቴ ልቅሶ ተቋረጠ። ወደ ማሽላው ዞረች። እኔም ዓይኗን ተከትዬ ዞርኩ።

አባቴ ከማሽላው ወጥቶ ቁልቁል ሲሮጥ አየሁት።

ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። «አባ!» ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ዞረው አዩ፤ ግማሾቹ ጩኸት ለቀቁ፣ አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች። ጩኸቱን ሰምተው መቃብሩ ላይ ያሉት ወንዶች አካፋቸውን እንደያዙ ቁልቁል ተወረወሩ። ዓሪፍ ከፊት ነበር፤ ወጣት ነው፣ ይበርራል። ጉብታው ከማለቁ በፊት ደረሰበትና የሸሚዙን ኮሌታ ከኋላ ያዘው። አብረው ጭቃው ላይ ወደቁ።

«በሞት ትቀልዳለህ? በቅሬ ትቀልዳለህ?» ዓሪፍ ደረቱ ላይ ወጣበት።

«እናትህ!» አለ አባቴ። «ልቀቀኝ! እናትህን!»

«እናቴን ምን?»

«ልቀቀኝ!»

ሸህ ጀብሪል እየሮጡ ደረሱ። ሌሎቹም ደረሱ። ሁሉም በአንድ ላይ ይጮሃሉ። አባቴ ከሥራቸው ሆኖ ያንኑ ቃል ይደጋግማል። ከዚያ አንድ ሽታ መጣ፤ የተቆፈረ እርጥብ አፈር ሽታ፣ ከሁሉም አቅጣጫ። ጩኸቱ ቆመ። የግድቡ አናት መሐሉ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ አንድ ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ሆነ፣ ወዲያው የቤት ስፋት ሆነ፣ ከዚያ ቀዩ ውሃ ወጣ። ማሽላው ተኛ። የመስጊዱ ቆርቆሮ ሲገለበጥ አየሁ። ድምፁ የደረሰን ከዚያ በኋላ ነው።

ዓሪፍ እጁን ከኮሌታው ላይ አላነሳም ነበር። ውሃውን እያየ፣ አባቴን እንደያዘው ቀረ።

አርባ ቤት ሄደ። ከብቱ ሄደ፤ የዓመቱ እህል ሄደ። ከሰው አንድ ሰው ብቻ ሄደ። እማማ ቡርቱካንን በሦስተኛው ቀን ወደ ግራና ከተማ መውረጃ ላይ ከደለል ሥር አገኟቸው። ለአባቴ በተቆፈረው ጉድጓድ ነው የተቀበሩት። ሸህ ጀብሪል እዚያው መቃብሩ ላይ አባቴን አስቆመው ፈረዱ። ቅሬው በሐሰት ስለተጠራ ሚስባህ ጥፋተኛ ነው፤ አንድ ሰው ሁለቴ አይነፋለትምና ሲሞት ጡሩንባ የለውም አሉ። ይሄን ብለው ሳይጨርሱ አለቀሱና እጁን ሳሙት። በኋላ ሰው እንደ ቀልድ ያነሳው ነበር። አባቴ ገበያ ሲወጣ «ሟቹ መጣ» ይሉት ነበር፤ እሱም ይስቃል። የእማማ ቡርቱካን ስም ሲነሳ ግን ተነስቶ ይሄዳል። ዓሪፍና እሱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል በመሀላቸው ሲወጣ አልሰማሁም። ታች ሰፈር እዚያው ቦታ ተሠራ፤ መሬቱ ያለው እዚያ ነው። ግድቡም ከስድስት ዓመት በኋላ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሠራ። አባቴ ተመልሶ ዘበኛ ሆነ። ሲሚንቶውም ማላቡ አልቀረምና ብርጭቆዎቹም ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

እኔ ተማርኩ፤ ወልዲያ ሥራ ያዝኩ። ስለ ብርጭቆዎቹ ግን ለአሥራ ስምንት ዓመት አፌን ዘጋሁ።

ባለፈው ነሐሴ ሆስፒታል ተኝቶ የቧንቧውን ውሃ አልጠጣም አለኝ። እናቴ ከቤት የላከችለትን ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁለት። እንስራ ዛሬም በወይራ ነው የምታጥነው። ወደ አፉ ሳያደርስ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«የእንስራ ውሃ ናት» አለ። «ያን ሐሙስም እንዲህ ነበር የሸተተችኝ።»



«አባ... ለምን ዝም አሉ?»

«ሟርተኛ ሲሉኝ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። አንቺን ምን ይሉሽ ነበር?» ጠጣና ብርጭቆውን መለሰልኝ። «ብናገር የግድቡን በር ይከፍቱት ነበር፣ ዙልፋ። ይሄንንም አውቃለሁ። አንቺን መረጥኩ። ለአላህ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

በማግስቱ አረፈ።

ዛኪር አርጅቷል፤ ትንፋሽ የለውም። ግን ማንንም አላስነካም። «ይሄን የምነፋው እኔ ነኝ፤ የፈረዱበትም ሸህ ካሻቸው ይክሰሱኝ» ብሎ ወረደ። ሴት መቃብር ባትወጣም፣ እኔ ከሬሳው አልለይም ብዬ መቃብሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። «ቅሬ ውጣ! የግድቡ ዘበኛ ሚስባህ አርፏል!»

ሰው መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ አልገባኝም። ለቀብር የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። እነዚህ ግን ፍራሽ ተሸክመዋል። ፍየል ይጎትታሉ። ሴቶች ሕፃን አዝለው፣ ሰነድ በፌስታል ቋጥረው ይወጣሉ። የአባቴ ሞት ሲነፋ ምን ማለት እንደሆነ ልጆቻቸው ሁሉ ያውቃሉ። ከኋላ ደግሞ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። ሌላ ቃሬዛ ተከተለ። ሌላም። በሽተኞቹን ነው። አንድም የአልጋ ቁራኛ ከታች አልተዉም። በፊተኛው ቃሬዛ ላይ ያሉት ሸህ ጀብሪል ነበሩ። ቃሬዛውን በቀኝ በኩል የተሸከመው ዓሪፍ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል።

ቃሬዛውን አጠገቤ አወረዱት።

«ዙልፋ» አሉኝ ሸህ ጀብሪል በቀጭን ድምፅ። «እውነት ነው? ወይስ እንደ ድሮው ውጡ ማለት ነው?»

«እውነት ነው፣ ሸህ። አባቴ ሞቷል።» ልቅሶ ሊነሳ ሲል እጄን አነሳሁ።  «ያን ጊዜ ብርጭቆዎቹን የቀየርኳቸው እኔ ነኝ። ውሃው ደፍርሶ ነበር። ደፍቼ የእንስራ ውሃ ሞላሁባቸው። አባቴ አውቆ ደበቀኝ። ቢያዩት ኖሮ በሩን ትከፍቱት ነበር።» ወደ ዓሪፍ ዞርኩ። 

ዓሪፍ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አየው። 

«እኔ ኮሌታውን ይዤው ነበር» አለ። «ሦስት ጊዜ እናትህ አለኝ። አልለቀቅኩትም።»

ጫማውን አወለቀና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ ሬሳውን ለመቀበል ሁለት እጁን ዘረጋ። አባቴን ከእናቱ ጎን ያስተኛው እሱ ነው።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አልተንቀሳቀሰም። ፍራሾቻቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ታች ያያሉ። የሚያዩት ግድቡን ነው።

«ውሃውን ዛሬ ማን አየው?» አሉ ሸህ ጀብሪል።

ማንም አላየውም ነበር። ወደ ቤት ገብቼ ከመስኮቱ አንድ ብርጭቆ አነሳሁ። ወደ ግድቡ እግር ወርጄ ሞላሁትና፣ መንደሩ ሁሉ እያየኝ፣ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ ይዤ ወጣሁ።